አዋላጇና ኩርባው

አዋላጇ ለቤት ለቤት ሥራዋ ሞተር ከተሰጣት ሦስት ወር ቢሞላትም፣ ኩርባ ባየች ቁጥር ሰውነቷ እንደ እንጨት ድርቅ ይልና እየተንፏቀቀች ታልፋለች፤ ብስክሌት የሚነዱ ተማሪዎች ሳይቀሩ ይቀድሟታል። አንድ እሑድ ጠዋት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሞተር ፖስታ ሲያድሉ የኖሩት አባቷ ሄልሜታቸውን አጥልቀው ከኋላዋ ተፈናጠጡ።

ኩርባው ጋ ሲቃረቡ፣ "ወደ ግራ ለመታጠፍ የግራውን እጀታ ወደፊት ገፋ አድርጊው" አሏት።

"አባዬ፣ እንዲያማ ካደረግኩ ወደ ቀኝ ይሄዳል እኮ!"

"ሞተር ፈጠን ሲል በገፋሽው በኩል ነው የሚያዘነብለው፤ አንቺ ግፊው ብቻ። ዓይንሽን ደግሞ ከጎማው ላይ አንሺና የኩርባውን መውጫ እዪ።"

እየፈራች ገፋ አደረገችው። ሞተሩ ወዲያው ወደ ግራ ዘንበል አለ፤ አባቷም አብረዋት ዘንበል አሉ፤ ኩርባው ሳይታወቃት አለቀ።

"አባዬ፣ ታጠፈ! ታጠፈ እኮ!" ብላ ጮኸች።

"ታዲያ እንዲታጠፍ አይደል የፈለግሽው?" አሉ እየሳቁ።

እሷ ዞራ ኩርባውን እንደገና ያዘችው። አባቷ ወገባቸውን ይዘው "ልጄ፣ በእናትሽ ሞት አውርጂኝ!" ብለው እስኪለምኗት ድረስ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለሱበት።