ኮከቧ እስክትፈነዳ

ሐጂያ ሻምሳ ጅዳን፣ ዱባይንና የቻይናዋን ጓንጁን አይታለች፤ ዳባሶ ከማርሳቢት ወዲያ አልፎ አያውቅም። እሷ ስትናገር የሞያሌ ማንያታ ሰፈር ከዳር እስከ ዳር ይሰማል፤ እሱ ሲናገር አጠገቡ የቆመ ሰው እንኳ «ምን አልክ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። እሷ ሳቋን ለነገ አታሳድርም፤ እሱ ሳቅ ሲመጣበት ጢሙን ያሻሽና መሬት መሬት ያያል። እሷ አጭርና ሞላ ያለች፣ እሱ ረጅምና ቀጭን ነው። ጎን ለጎን ከገበያ ሲመለሱ ያየቻቸው ልብስ ሰፊዋ ሮዝ፣ «መርፌና የክር ጥቅል መጡ!» እያለች ከስፌት መኪናዋ ቀና ትል ነበር።

መርፌውንና ክሩን ያገናኛቸው የከብት ገበያው ነው። በዚያ ገበያ የሰንጋ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ገዥና ሻጭ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ በእጃቸው ላይ ፎጣ ይጣልበታል፤ ከፎጣው ሥር ጣት ለጣት ይነጋገራል። ከበው ለቆሙት የሚታያቸው የሁለት ሰዎች ፊት ብቻ ነው፤ ከፊት ደግሞ ጎበዝ ነጋዴ ምንም አያስነብብም። ሻምሳ ባሏ መሐዲ ሞቶ ንግዱን በራሷ ልትይዝ ወደዚያ ገበያ በገባች ዕለት ችግሩ ወዲያው ታየ። አፏ ከማንም አያንስም፤ እጇ ግን ከፎጣው ሥር መግባት አይችልም። የባዕድ ሴት እጅ የሚጨብጥ አንድም ነጋዴ አልነበረም፤ ቢኖርም እሷ አትሰጠውም። ቀኑን ሙሉ ቆማ አንዲት ጊደር ሳትገዛ ልትመለስ ስትል፣ ዳባሶ የተባለው ደላላ ቀረብ ብሎ፣

«እጅ ከሆነ ያጣሽው፣ የኔ አለ» አላት።

ከዚያን ዕለት ወዲህ የገበያ እጇ እሱ ሆነ። ሻምሳ ሰንጋውን ዞራ ታያለች፣ አፉን አስከፍታ ጥርሱን ትመረምራለች፣ ከዚያ ራቅ ብላ ትቆማለች። ወደ ግራሩ ዛፍ ካየች «ተው» ማለቷ ነው፤ ሁለት ዐይኖቿን አንድ ጊዜ ጨፍና ከከፈተች «ጨርስ» ማለቷ ነው። ዳባሶ አንድም ቀን አሳስቶ አንብቧት አያውቅም። የደላላውን ሕግም አንድም ቀን አልጣሰም። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ደላላ የሚያደራድረውን ከብት ለራሱ አይገዛም። ለራሱ ከፈለገው አስቀድሞ ፎጣውን አጣጥፎ ትከሻው ላይ ያኖርና «በዚህ የለሁበትም» ይላል። ያን ጊዜ ገበያው ሁሉ ሰውየው ገዥ መሆኑን ያውቃል፤ ሌላ ደላላም ይፈለጋል።

የኮከቧ ነገር የመጣው በ2012 ዓመተ ምሕረት ጥር ወር ነው፤ ከድንበሩ በዚህኛው፣ በኬንያው ወገን 2020 ሆኖ ሳለ። ፊዚክስ የምታስተምረው ልጇ ኢክራን ከመግሪብ ሰላት በኋላ እናቷን ጎትታ ወደ ግቢው አወጣቻት።

«ሦስቱ ተርታ ኮከቦች ይታዩሻል? ከእነሱ በስተግራ ያለችውን ቀዩዋን እያት።»

«አየኋት። ምን ሆነች?»

«እየፈዘዘች ነው። ዐረቦች የጀውዛ እጅ ይሏታል። ይኼን የምታክል ሆና እንዳትታይሽ፤ በፀሐያችን ቦታ ብትቀመጥ ምድርን ከነባሕሯ ትውጣት ነበር። አርጅታለች፣ እማዬ። ልትፈነዳ ይሆናል የሚሉ አሉ። ከፈነዳች በጠራራ ፀሐይ ትታያለች።»

«መቼ ነው የምትፈነዳው?»

«ዛሬ ሊሆን ይችላል። ከመቶ ሺህ ዓመት በኋላም ሊሆን ይችላል።»

«የወንድምሽን መምጫ የመሰለ ቀጠሮ!» አለችና ሻምሳ ሳቀች። ታላቅ ልጇ ሰሊም ናይሮቢ ነጋዴ ነበር፤ «በዚህ ሳምንት መጥቼ እወስድሻለሁ» ማለት ከጀመረ ብዙ ሳምንት አልፎታል። ናይሮቢ ባለው ግቢው ውስጥ ለእናቱ አንድ ክፍል አሠርቶ ነበር፤ እሷም ከረመዳን በፊት ጠቅልላ ልትሄድ እሺ ብላዋለች።

በዚያው ምሽት ዳባሶ እንደ ልማዱ የገበያውን ወሬ ይዞ መጣ። ኢክራን ጣቷን ወደ ሰማይ ቀስራ ነገሩን አስረዳችውና፣ «አባ ዳባሶ፣ ቦረናዎች ከዋክብት ያውቃሉ ይባላል። እርስዎ ምን ይላሉ?» አለችው።

ዳባሶ ረጅም አንገቱን አቅንቶ ብዙ ተመለከተ።

«አጎቴ ያውቅ ነበር። እኔ የማውቀው የበሬ ጥርስ ነው። ጥርሷን ካሳየችኝ ዕድሜዋን እነግርሻለሁ።»

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሻምሳ የልብስ ሱቋ ውስጥ ድሪያ የሚባለውን ስስ የሴት ቀሚስ ስታጣጥፍ ዳባሶ ገባ። ፎጣው ተጣጥፎ ትከሻው ላይ ተቀምጧል።

«ምነው፣ የምትገዛው ነገር አለ እንዴ?» አለችው ለቀልድ።

«አለ» አለ ዳባሶ። ከዚያ ድምፁን ከወትሮው ከፍ አድርጎ፣ ይህን ንግግር መንገድ ለመንገድ ሲለማመደው እንደ መጣ በሚያስታውቅ አኳኋን፣ «ሐጂያ፣ እኔም ሚስቴን ቀብሬያለሁ፣ አንቺም ባልሽን ቀብረሻል። ናይሮቢ ሳትሄጂ ልናገረው ብዬ ነው። ላገባሽ እፈልጋለሁ። ዋጋውን አንቺ ጥሪው» አላት።

በጅዳ ጉምሩክና በጓንጁ መጋዘን ቃል አጥታ የማታውቀው ሻምሳ እጇ ላይ ያለውን ድሪያ ፈትታ እንደ ገና አጠፈችው። እምቢ ልትለው አልፈለገችም። እሺ ማለትም አልቻለችም፤ ለሰሊም የሰጠችው ቃል አለ፣ የሰፈሩ አፍ አለ፣ በዚህ ዕድሜ የሙሽራ ሒና መቀባት አለ። ስትጨነቅ ሁልጊዜ የሚደርስላት ሳቋ ደረሰላት።

«ያቺ ኮከብ ስትፈነዳ እነግርሃለሁ!»

ዳባሶ ነገሩን በጥሞና አሰበበት።

«እሺ» አለና ወጣ።

እሷ ቀልድ ያለችውን እሱ ቀጠሮ ብሎ ያዘው። በማግሥቱ ከመግሪብ በኋላ ከመስጊድ መጥቶ ከግቢው በር አጠገብ ካለችው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠና ቀና ብሎ ማየት ጀመረ። ኢክራን ምንጣፍ ላይ በመካከላቸው ትቀመጣለች፤ ሻምሳ ግድግዳውን ተደግፋ የወተት ሻይ ትቀዳለች። ኮከቧ ምሽት በምሽት እየከሰመች ሄደች። አጠገቧ ያሉት ከዋክብት ቀድሞ ታናሾቿ ነበሩ፤ አሁን እኩያዎቿ መሰሉ።

«ዛሬስ ጥርሷን አሳየችህ?» ትለዋለች ሻምሳ።

«አፏን ገጥማለች። ሻጯ ብልጥ ነው።»

በዚያ ሰሞን አንበጣው መጥቶ የጎረቤት ሰፈሮቹን የቡቲዬንና የኦዳን ሰማይ ሲጋርደው፣ አንድ ምሽት ምንም ሳይታይ ቀረ። ዳባሶ ግን መጣ። በባዶ ሰማይ ሥር ተቀምጦ ሻዩን ጠጣ፤ ትከሻው ላይ ያረፈውን አንበጣ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ከአጥር ውጪ አኖረውና ደህና እደሩ ብሎ ሄደ። ያን ምሽት ሻምሳ ራሷን ታዘበች። ለዕቃ በወደብ፣ ለቪዛ በቆንሲል ደጃፍ፣ ለአውሮፕላን በእንግዳ አገር አግዳሚ ላይ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት፤ መጠበቅ እንዲህ ደስ ይላል ብሎ የነገራት ግን አልነበረም። ኮከቧ ባትቸኩል በወደደች።

አንድ ኀሙስ፣ ዳባሶ ሲያብሰለስለው የከረመውን ጥያቄ ለኢክራን አቀረበላት።

«ስትፈነዳ ወዲያው እናያለን?»

«አይ፣ አባ ዳባሶ። ብርሃኗ እዚህ ለመድረስ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ይጓዛል። ምናልባት ድሮ ፈንድታ፣ እኛ ዘንድ ወሬው ገና በመንገድ ላይ ይሆናል።»

ዳባሶ ሻዩን አስቀምጦ ወደ ኮከቧ አየ።

«እንግዲያው ጣቶቹ ተስማምተዋል፤ ፎጣው ነው ገና ያልተነሣው።»

ኢክራን የገበያ ቋንቋ ነው ብላ አለፈችው። ሻምሳ ግን በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ምሽቱ ጨለማ መሆኑ በጃት፤ ፊቷ ያን ዕለት ለማንም የሚነበብ ነበርና።

የካቲት ሲጋመስ ኢክራን ከትምህርት ቤት እያዘነች ተመለሰች።

«እማዬ፣ ነገሩ ከሸፈ። ኮከቧ መድመቅ ጀምራለች። ምናልባት አቧራ ተፍታ፣ የራሷ አቧራ ጋርዷት ነበር ይላሉ። በኛ ዕድሜ የምትፈነዳ አይመስልም።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈቻ!» አለች ሻምሳ ጮክ ብላ። ወደ ውስጥ ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ስትቀመጥ ግን ደስታው አልተከተላትም። ቀጠሮው ፈረሰ ማለት ነው። ዳባሶ እንደሆነ ቃል አክባሪ ነው፤ መቶ ሺህ ዓመት ጠብቅ ብትለው ወንበሯን ይዞ ይመጣል እንጂ ዳግመኛ አይጠይቃትም። ናይሮቢ መሄጃው ደግሞ ደርሷል።

በዚያው ሳምንት ሰሊም በእርግጥም ከናይሮቢ አውቶቡስ ወረደ። ድምፁም ሳቁም የእናቱ ነው። ምሽት ላይ ሩዝና የፍየል ሥጋ ቀርቦ ቤተሰቡ ምንጣፉን ከቦ ተቀመጠ፤ ዳባሶም ኮከቧን ሊያይ እንደ መጣ ተጎትቶ ገባ። እጅ ታጥበው ሲያበቁ ሰሊም ጉዳዩን አነሣ።

«እማዬ፣ ክፍልሽን ቀለም አስቀባሁት። አረንጓዴ፣ የምትወጂውን። እሁድ አብረን እንሄዳለን።»

«ዕቃዬን ሳልሸክፍ?»

«ይኸው፣ ጀመረች! አባ ዳባሶ፣ እርስዎ ያግዙኝ እንጂ። ከልጅነቴ ጀምሮ የዚህችን ሴት ገበያ የሚጨርሱት እርስዎ ነዎት። ያደራድሩን። የድለላዎን ክፍያ አላስቀርም፤ በሉ፣ እጅዎን!» ብሎ እየሳቀ ቀኝ እጁን ዘረጋ።

ዳባሶ ፎጣውን ከትከሻው አወረደ። ሁሉም የተዘረጋው እጅ ላይ ይጥለዋል ብለው ጠበቁ። እሱ ግን ጉልበቱ ላይ ዘረጋው፤ ለሁለት አጠፈው፤ ለአራት አጠፈው፤ በመዳፉ ዳመጠውና መልሶ ትከሻው ላይ አኖረው።

«በዚህ የለሁበትም» አለ።

ሰሊም ያደገው በዚያው ገበያ ነው። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«አባ ዳባሶ... ገዥ ነኝ ማለትዎ ነው?»

ዳባሶ ጢሙን አሻሽቶ ምንጣፉን አየ።

«ፎጣው ነው ገና ያልተነሣው!» ብላ ኢክራን ጭኗን መታች። «ያ ኀሙስ! እኔ ደግሞ በመካከላችሁ ተገትሬ ስለ ብርሃን ፍጥነት እተነትናለሁ!»

ሰሊም አልሳቀም። እናቱን ተመለከተ፤ ጢሙ መሸበት የጀመረ ሰው መሆኑ ቀርቶ፣ ለቅጽበት አባቱን የቀበረውን ልጅ መሰለ። «ቀለሙን ራሴ ነበር የመረጥኩት» አለ በዝግታ።

ዳባሶ ያን ሰማና ተነሣ። «ልጄ፣ ማንም ቃል አልሰጠኝም። ቀጠሮው ኮከቧ ስትፈነዳ ነበር፤ አልፈነዳችም። ሐጂያን አላስቸኩልም። ደህና እደሩ።» በሩ ጋ ደርሶ ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ። ቀስ ብሎ ነው ያጠለቀው፤ ያም ቢሆን ሻምሳ ለመወሰን የነበራት ጊዜ ጫማ የማጥለቅ ያህል ብቻ ነበር።

በተከፈተው በር፣ ከዳባሶ ትከሻ በላይ፣ ሰማዩ ይታይ ነበር። ቀይዋ ኮከብ ከሦስቱ ጎን ተቀምጣለች፤ ከትናንቱ የደመቀች ትሁን አትሁን ሻምሳ አለየችም። ወደ ልጇ አየች፤ ከዚያ ወደ ዳባሶ። ዳባሶ ከገበያ በተረፈው ልማዱ፣ አንድ እግሩን ጫማው ውስጥ እንዳደረገ፣ ቀና ብሎ ፊቷን አነበበ።

ሻምሳ ሁለት ዐይኖቿን አንድ ጊዜ ጨፍና ከፈተች።

ዳባሶ ያጠለቀውን ጫማ መልሶ አወለቀ።

«ስሙኝ!» አለች ሻምሳ፤ ማንያታ ሰፈር ከዳር እስከ ዳር ሰማ፤ የሮዝ ስፌት መኪናም ቀጥ አለ። «ሰሊም፣ ወሊዬ አንተ ነህ፤ ከአንተ በቀር ሊድረኝ የሚችል የለም። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ለዚህ ሰው ትድረኛለህ። ፊትህን አታጥቁርብኝ፤ አረንጓዴውን ክፍል አልጥለውም። መህሬን፣ የሙሽራ ስጦታዬን፣ አሁኑኑ፣ በአፌ፣ ያለ ፎጣ እጠራዋለሁ። ዳባሶ ባሕር አይቶ አያውቅም። መህሬ ሞምባሳ ድረስ አብሮኝ መሄዱ ነው፤ ስንሄድም ስንመለስም አንተ ዘንድ እናድራለን፣ አልጋውን ሰፊ አድርገው። ከዚያ የምኖረው እዚሁ ሞያሌ፣ ከባሌ ጋር ነው።»