የአሰልጣኝ በለጠ መለኪያ

አሰልጣኝ በለጠ ለቅርጫት ኳስ ቡድኑ ልጅ የሚመርጠው የእናትን ቁመት አይቶ ነው። «ኳስ መወርወር ማንም ይማራል፤ ቁመት የሚወረሰው ግን ከእናት ነው» ይላል። የተከራከረው ሰው ካለ እስኪያሳምነው ድረስ ምሳ አያስበላውም።

የአሥራ አምስት ዓመቷን ሰገንን ካዛንቺስ ሜዳ ላይ ያየ ዕለትም፣ ጨዋታው ሳያልቅ ኡራኤል አካባቢ ወዳለው ቤታቸው ገሰገሰ። እናትየው ወይዘሮ ማሚት ባላቸው ከሞቱባቸው ቆይቷል። በሩን ከፍተው ገና «ይግቡ» ከማለታቸው፣ በለጠ ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው። ጉበኑን ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም።

«ተመስገን!» አለ። «ወንድሞችዎስ እንደ እርስዎ ናቸው?»

ወይዘሮ ማሚት ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ነገር እኮ በሽማግሌ ነው የሚጠየቀው።»

በለጠን ላብ አጠመቀው። «ኧረ በፍጹም! ማለቴ፣ ሰገንን ለቡድናችን ልመርጣት ነው። የልጅ ቁመት ከእናት ስለሚወረስ፣ በቃ፣ እርስዎን ልይ ብዬ ነው።»

«እንደሱ ነው?» አሉና በተራቸው ከላይ እስከ ታች አዩት። ራሱ ከትከሻቸው አልደረሰም።

«እንግዲያው ልጄን ይውሰዷት። ሽማግሌ መላኩን ግን እንዳያስቡት፤ የዘሬን ቁመት አላበላሽም።»