ሁለቱ የሉሊት ምስክሮች

በፍቃዱ ለሁለተኛ ዲግሪው ያጠናው «ስለ ኢየሱስ ከታሪክ ምን ማወቅ ይቻላል?» የሚለውን ጥያቄ ነው። የትውልድ ከተማው መካነ ሰላም ይህን ስትሰማ ሳቀች። «የጌታን መታወቂያ ሊያወጣ አዲስ አበባ ሄዷል» አሉት። እናቱ ወይዘሮ የሺእመቤት ግን አልሳቁም። ይህን ያህል የሚያነብ ሰው ይሳሳታል ብለው አስበው አያውቁም፤ የኋላ ኋላ የጎዳቸውም ይኸው ነው።

በፍቃዱ የምሁራኑን ክርክር ይወደው ነበር። አንዱ ከወንጌላቱ ብዙ ታሪክ ይገኛል ሲል፣ ሌላው ከመጠመቁና ከመሰቀሉ በቀር በእርግጠኝነት የምንናገረው የለም ይላል። ቢሆንም ሁለቱም የሚይዙት መመዘኛ አለ፦ ሁለት ሰዎች አንዱ ከሌላው ሳይሰማ ያሉት ነገር ይታመናል፤ ተናጋሪውን የሚያሳፍር ነገርም ከሚያስመሰግነው ይልቅ እውነትነት ይኖረዋል።

እህቱ ሉሊት ሳውዲ አገር፣ ሪያድ ከተማ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ድምጿ ጠፋ። ዓመት አልፎ ሌላው ሲጠባ ፈርሂያ የምትባል የጎረቤት ልጅ ከዚያው ተመለሰች። በፍቃዱ ለብቻዋ ጠራት።

«ከፎቅ ወድቃ ሞተች፣ ጋሼ» አለችው አንገቷን ደፍታ። «አጠገቧ ነበርኩ። ፖሊሶች ይይዙኛል ብዬ ጥያት ሮጥኩ።»

ራሷን የምታሳፍር ሴት ምን ልታተርፍ ትዋሻለች? ደጎሎ ድረስ ሄዶ ሌላዋን ተመላሽ ቦጋለችን ጠየቀ። እሷም ከፎቅ ወደቀች አለችው። ሁለት ምስክር ተገኘ።

በአገሩ ደንብ ሬሳውን ያየ ሳይገኝ መርዶ አይነገርም። ሽማግሎቹም ትንሽ እንቆይ ብለው ነበር። በፍቃዱ ግን እናቱ መኪና ጥሩምባ በነፋ ቁጥር ብድግ ሲሉ ማየት አንጀቱን በልቶታል፤ ተረጋግጧል አላቸው። የተማረ ሰው ቃል ነውና ተቀበሉት። ጎህ ሲቀድ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጃፉን ሞሉት። ወይዘሮ የሺእመቤት ፀጉራቸውን ተላጩ፤ የልጃቸውን ቀሚስ ታቅፈው ድምፃቸው እስኪዘጋ አለቀሱ። ተዝካሯም ወጣ።

ከተዝካሩ በኋላ ፈርሂያ አላስችል ብሏት መጣች።

«አላየሁም ጋሼ፣ ወላሂ። ወደ አገር ሊልኩን ያጎሩን ቦታ ሲወራ ሰምቼ ነው። መጀመሪያ ያወራው ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። እናትዎ ቁርጣቸውን አውቀው እንዲያርፉ ብዬ ነው አጠገቧ ነበርኩ ያልኩት። ጥያት ሮጥኩ ባልልማ፣ እንዴት ሳትቀብሪያት መጣሽ ትሉኝ ነበር።»

«ቦጋለችስ?»

«ለሷም የነገርኳት እኔው ነኝ።»

በፍቃዱ ተቀመጠ። አንዱ ወንጌላዊ ከሌላው ወስዶ የጻፈው እንደ ሁለት ምስክር አይቆጠርም እያለ ስንት ገጽ የሞላ ሰው፣ ቦጋለችን ከማን ሰማሽ ብሎ አልጠየቃትም። የሁለት ሺህ ዓመት ወሬ ያበጠረው እሱ፣ የገዛ እህቱ ሲሆን አንዲት ጥያቄ ከበደችው። ራሱን ጠላ።

ከመንገር ሌላ መውጫ አልነበረውምና ገብቶ ለእናቱ ነገራቸው። «ሞታለች ማለትም አይቻልም፣ አለች ማለትም አይቻልም፣ እማ።»

ወይዘሮ የሺእመቤት አልጮኹም።

«አልቅሼ ጨርሻታለሁኮ» አሉ። «ደግሞ ልጠብቃት ነው?»

«አላውቅም።»

«እናንተ ስለ ጌታ ስትከራከሩ፣ እንዲህ ሲቸግራችሁ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ማወቅ አይቻልም ብለን እንጽፋለን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እናልፋለን።»

እናቱ ገና ማቆጥቆጥ የጀመረውን ፀጉራቸውን በመዳፋቸው ዳበሱ። የነፍስ አባታቸው አባ ንጉሡ በየቅዳሴው የሉሊትን የክርስትና ስም ከሙታን ጋር ያነሱላቸዋል።

«ነገስ እንዴት ይበሉልኝ?» አሉት። «ከሙታን ጋር ይጥሯት ወይስ ከመንገደኞች ጋር?»

በፍቃዱ አፉን ከፈተ። ከሙታን ቢል በሕይወት ያለች እህቱን መግደሉ ሊሆን ነው፤ ከመንገደኞች ቢል እናቱን ዳግመኛ መንገድ ዳር ሊያስቀምጣቸው ነው።

ወይዘሮ የሺእመቤት ጠበቁት፣ ጠበቁትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እንግዲያስ ስሟን አይጥሩት» አሉ።