የወናፉ ቀለበት

በዚያ ቤት «ትንፋሽ!» ማለት «እንዳትተነፍሱ» ማለት ነበር። አባት ይህን ቃል ከተናገሩ ሁሉም ባለበት ይደርቃል፤ በር አይዘጋም፣ ወንበር አይሳብም፣ ያስነጠሰው ወዮለት። ከዚያ ካሜራው «ቀጭ» ይላል፣ ሰውም ነፍስ ይዘራል። ነገሩ ቅብጠት አልነበረም። አባት ዕድሜ ልካቸውን ሲያነሡ የኖሩት ነቀዝና ጥንዚዛ ነው፤ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ነቀዝ በሬ አክላ እንድትታይ ሲፈለግ የሰው ትንፋሽ ማዕበል ይሆንባታል።

ይህን ተአምር የሚሠራው በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ፣ እንደ አኮርዲዮን የሚሳብና የሚታጠፍ የቆዳ ዕቃ ነው። አባት «ወናፉ» ይሉታል። ወናፉ በተለጠጠ ቁጥር ትንሹ ነገር ይገዝፋል። ግን የካሜራ ፊልም ከገበያ ጠፋ፤ ብዙም ሳይቆይ የአባት ዓይን ደከመ። ሐኪሞቹም መነጽርም ሆነ ቀዶ ጥገና አይመልሰውም ብለው እቅጩን ነገሯቸው። ወናፉ መደርደሪያ ላይ ወጣ፣ አባትም መስኮት ሥር ተቀመጡ።

ከእሳቸው ጋር የቀረችው ልጃቸው ብቻ ነበረች። በገዛ ደመወዟ ዲጂታል ካሜራ ገዛችና ከወናፉ ጋር ልታጋጥመው ብትሞክር አፍ ለአፍ አልገጥም አላት። አንድ ብረት ቀራጭ አሉሚኒየም ጠርቦ ማገናኛ ቀለበት ሠራላት። «አሮጌውንና አዲሱን ቀለበት አሰርኩላቸው፤ እንግዲህ ፍቺ የለም» ብሎ ቀለደ። ካሜራውን በገመድ ከቴሌቪዥኑ አገናኘች፤ ከሌንሱ ፊትም አንዲት ነቀዝ አኖረች። አባት አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ተጠግተው ቆዩ፤ ቆዩና «እግሯ ላይ ያለውን ፀጉር አየሁት!» ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ልጅቷም አብራ አለቀሰች። የታሰረችው ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ጧትም ከሰዓትም ነቀዝ ነው። ጓደኞቿ ሲዳሩ፣ ሥራ ሲቀይሩ፣ እሷ የሞተ ጥንዚዛ በመርፌ ታቃናለች። ታዲያ በቅርቡ የነቀዝ ፎቶዎቿን ያየ፣ ሩቅ ከተማ ያለ የሰብል ቤተ ሙከራ ደወለላትና «ለሥራ ሰኞ ከነካሜራሽ ነይ» አላት። ማድ ቤት ሆና በሹክሹክታ እሺ አለች። ለአባቷ ግን ትንፍሽ አላለችም። ግድግዳ ጆሮ እንዳለው፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ደግሞ ከግድግዳም እንደሚብስ ረስታው ነበር።

ቅዳሜ ጧት ወናፉን ለአባቷ ትታ ካሜራውን ብቻ ልታላቅቅ ቀለበቱን ብታዞር አልዞር አለ። በጨርቅ ይዛ ሞከረች። መዳፏ እስኪቀላ ታገለችው።

«አሮጌ ብረት ነው ዓይኔ፣ ይጣበቃል» አሉ አባት ከመስኮቱ ሥር። «ተዪው፣ አታድክሚው።»

አሮጌ? ቀለበቱ እኮ ከካሜራው ጋር አንድ ዕድሜ ነው! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው። ልጅቷ ሌንሱን ከወናፉ ጫፍ ፈታች፣ ገልብጣ ዓይኗ ላይ አደረገችና ቀለበቱና ካሜራው ወደሚገጥሙበት ጎንበስ አለች። የተገለበጠ ሌንስ ጥሩ ማጉያ ነው፤ ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። ስንጥቁ ውስጥ የደረቀ ሙጫ አየች። ሙጫው ላይ የአውራ ጣት አሻራ ታትሟል፤ አሻራውን ደግሞ አንድ መስመር አቋርጦታል። ያን መስመር ታውቀዋለች። የፎቶ መቁረጫው የአባቷን አውራ ጣት ሲቆርጠው የቀረ ጠባሳ ነው። የሌንስ መስታወት ላይ አሻራ ተውሽ ብለው ስንቴ የተቆጧት ሰው የራሳቸውን አላዩትም።

ከሌንሱ ቀና አለች። «አባዬ፣ አንተ...»

«ትንፋሽ!» አሉ።

ትንፋሿን ያዘች። ሌንሱ እጇ ላይ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፣ የሚነሣ ነገር የለም፤ ደረቷ ግን ቃሉን ሰምቶ ቀጥ አለ። አባትም ትንፋሻቸውን ያዙ። «ቀጭ» የሚልላቸው ስላልነበረ የሚፈታቸውም አልነበረም። ተፋጠጡ። በመጨረሻ የአባት ደረት ተሸነፈ፤ ሳል ጣላቸው። ውኃ አምጥታ አጠጣቻቸው፤ እየተናደደች አጠጣቻቸው።

«በስልክ ያወራሁትን ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ እንዲህ ይደረጋል?»

«ፈራኋ! ካሜራው ሲሄድ እኔ ሁለተኛ መታወሬ ነው። አንቺን ማሰር ቢያቅተኝ ብረቱን አሰርኩት።»

ወንበር ላይ ዘጭ አለች። ወዲህ ገደል፣ ወዲያ ገደል። ብትጮህባቸው አሳዘኗት፣ ብታዝንላቸው ሰኞ አለፈ። ያ ብረት ቀራጭ ሱቁን ዘግቶ ከሄደ ቆይቷል፤ ይህ ቀለበት ከተበላሸ ሌላ የሚሠራላቸው የለም። ይህንንም ሁለቱም ያውቃሉ።

«የብረት መጋዙ ከታች መሳቢያ ውስጥ ነው» አሉ አባት።

«አባዬ...»

«አምጪው። ቀለበቱን ብቻ ቁረጪ፤ ካሜራሽን እንዳትነኪው።»

በዳበሳ ወደ ጠረጴዛው መጡና እንዳይነቃነቅ ወናፉን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያዙላት። ጠባሳ ያለበት አውራ ጣት ከቀለበቱ አጠገብ ዐረፈ። የመጋዙን ጥርስ አሉሚኒየሙ ላይ አሳረፈች። እጇ ግን አልሄድ አለ፤ ያ ሁሉ ዓመት ያለ እሳቸው ቃል ተንቀሳቅሶ አያውቅም። ትንፋሿን እንደያዘች እሷ አላወቀችም፤ እሳቸው ግን ሰሙ።

«ተንፍሺ» አሏት።