ከመቶኛው ምልክት በኋላ

አለቃዬ አቶ ሙሉቀን ያለ ፐርሰንት መተንፈስ የማይችሉ ሰው ነበሩ። ዝናብ ጣለ ሲባሉ እንኳ ስንት ፐርሰንት ብለው ይጠይቃሉ። ይህን የምለው ተናድጄ ነው፤ ዓመታት አልፈው እንኳ ንዴቱ አልለቀቀኝም። ሐረገወይን እባላለሁ፤ በ2006 ዓ.ም. ሸዋ ሮቢት ውስጥ የመስኖ ባለሙያ ነበርኩ።

የቢሯችን ኮምፒውተር በፍላሽ ቫይረስ የበሰበሰ ነበር። ስላይድ ሠርቼ ምሳ በልቼ ስመለስ ፋይሉ የለም። መሮኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ መመረቂያ ጽሑፌን ባዘጋጀሁበት የኅትመት ፕሮግራም መሥራት ጀመርኩ። እንደ ደብዳቤ ተራ ጽሑፍ እጽፋለሁ፤ ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ ነጥብ ነው ብዬ ምልክት አደርግበታለሁ፤ ፕሮግራሙ ራሱ አሰልፎ ስላይድ ያደርገዋል። ተራ ጽሑፍ ደግሞ ቫይረስ አይነካውም።

ፕሮግራሙ አንድ አመል ነበረው። መስመር ላይ የመቶኛ ምልክት ካየ፣ ከምልክቱ በኋላ በዚያ መስመር ያለው ሁሉ የጸሐፊው የግል ማስታወሻ ነው ብሎ ስላይዱ ላይ አያወጣውም። እኔም ንዴቴን የማስተነፍሰው እዚያ ነበር። አቶ ሙሉቀን የፈጠሩትን ቁጥር እጽፍና፣ ከሥሩ ምልክቱን አስቀድሜ የልቤን እጽፋለሁ። ማንም አያየውም፤ እኔም ይወጣልኛል።

በዚያ ሚያዝያ በዞኑ እጅ አንድ የቦይ መዝጊያ ነበር፤ ትልቅ የብረት መዝጊያ፣ የሚፈልጉት ግን እኛን ጨምሮ ሦስት ወረዳዎች። የእኛ መዝጊያ ተሰብሮ የሮቢ ወንዝ ውሃ ወደ ታችኛው ቦይ መግባቱ ቀርቶ ተመልሶ ወንዙ ውስጥ ይወድቅ ነበር። ከታች ያሉት የአርባ አንድ አባወራዎች ሽንኩርት ማሳው ላይ እያረረ ነበር። ከእነሱ አንዱ ጋሼ ኸድር ዞኑ መዝጊያውን ለማን እንደሚሰጥ ከሚወስንበት ስብሰባ በፊት ባለው ቀን ቢሮዬ መጡ።

«የኛን ነገር ጽፈሽዋል?»

«ጽፌዋለሁ፣ ጋሼ።»

«ግድግዳው ላይ ይወጣል?»

«ይወጣል።»

«ወላሂ በይ።»

«በማርያም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ኢንሻአላህ መጥቼ በዓይኔ አየዋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት አቶ ሙሉቀን ጽሑፉን ላስተካክል አሉ። ማንም ሊያርመው ይችላል ብዬ የፎከርኩት እኔው ነኝ። ከግልባጩ ላይ የግል ማስታወሻዎቼን አጥፍቼ ሰጠኋቸው፤ ዋናውን ከነማስታወሻው ፍላሼ ላይ ያዝኩ። ስለ ምልክቱ ግን አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው መደበቂያዬን ያውቁብኛል ብዬ ነው። ተንኮል ባለቤቱን ሳይዝ አይቀርም። እሳቸው ሲጨርሱ መብራት ጠፋ፤ ሲመጣ ለስብሰባው አሥር ደቂቃ ቀርቷል። ፕሮግራሙን አስነሣሁት፤ አንድም ስህተት አላለኝም። የወጣውን ስላይድ ሳላየው በፍላሼ ይዤ ወደ አዳራሹ ሮጥኩ።

የዞኑ ሰዎች ብርዳማው ደብረ ሲና ላይ የደረቡትን ጃኬት እንደለበሱ እያላባቸው ተቀምጠዋል። ኃላፊያቸው ወይዘሮ ትርንጎ በወረቀት ያራግባሉ። ጋሼ ኸድር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናቸው። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ሲያነቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ሦስተኛው ስላይድ ወጣ። «የቦይ ጥገና ዕቅድ 96» ይላል። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ከሥሩ «የአርሶ አደር ተሳትፎ 98»። ባዶ። «የውሃ ተጠቃሚዎች እርካታ 100»። ባዶ።

ያኔ ገባኝ። አቶ ሙሉቀን በግምገማ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ጥንካሬ ሳይነገር ድክመት አይነሣም። በእያንዳንዱ ችግር ፊት፣ በዚያው መስመር ላይ፣ አንድ አንድ ጥንካሬ ከነመቶኛ ምልክቱ ሰክተውበታል። ፕሮግራሙም ከምልክቱ በኋላ ያለውን ችግር ሁሉ ዋጠው።

«ጥሩ ሠርታችኋል» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። «እንዲህ ከሆነማ መዝጊያው ለሌሎቹ ይሂድ።»

አቶ ሙሉቀን ሙገሳውን ሰምተው መዝጊያውን አልሰሙም፤ ፈገግ አሉ። ጋሼ ኸድር ወደ እኔ ዞሩ።

«ሐረግ፣ ዓይኔ ነው እንዴ?»

ያ ቃል አንጀቴን በላው። ተነሥቼ «የቀረ ነገር አለ፤ የታችኛው ቦይ ውሃ የለውም» አልኩ።

«ያልተጻፈ ነገር ሪፖርት አይሆንም» አሉ አቶ ሙሉቀን።

ወይዘሮ ትርንጎ አዩኝ። «የተጻፈ አለሽ?»

አለኝ። እሳቸው ያረሙት ጽሑፍ ቢሮ ቀርቷል፤ የእኔ ዋናው ግን እዚያው ላፕቶፑ ላይ በተሰካው ፍላሽ ውስጥ ነው፤ ከነስድቤ። የቤት ኪራዬን አሰብኩ፤ እናቴን አሰብኩ፤ አቶ ሙሉቀንንም ረገምኩ። ከዚያ ከፈትኩት።

ግድግዳው ላይ ተራ ጥቁር ጽሑፍ ወጣ። ጋሼ ኸድር ረዘም ያለ ጽሑፍ ሲሆን ድምፅ ሳያወጡ ማንበብ አይሆንላቸውም፤ ቃል በቃል እየለቀሙ ጀመሩ።

«የታችኛው ቦይ ከየካቲት ጀምሮ... ጠብታ ውሃ አላየም። የአርባ አንድ አባወራ... ሰብል እየደረቀ ነው።» እዚያ ይቆማሉ ብዬ ነበር። አልቆሙም። «ጥገናው አልቋል የሚለውን ቁጥር... ማን እንደ ወለደው አይታወቅም። አቶ ሙሉቀን... ቦዩን ያዩት... በመኪና መስኮት ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። አቶ ሙሉቀን የፕሮጀክተሩን ገመድ ሊነቅሉ ተነሡ።

«ይቀመጡ» አሏቸው ወይዘሮ ትርንጎ። ከዚያ ወደ ጋሼ ኸድር ዞሩ። «አባቴ፣ እርስዎ የታችኛው ቦይ ሰው ነዎት? መዝጊያው የቱ ጋ ነው የተሰበረው?»

ጋሼ ኸድር መልስ ከመስጠታቸው በፊት እኔን አዩኝ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉኝ፤ «ዓይኔስ ደህና ነው።»

የብረቱ መዝጊያ በግንቦት ገባ፤ የዚያ ዓመት ሽንኩርት ግን ግማሹ አልተረፈም። እኔ በሰኔ ወደ ማጀቴ ከተማ ተዛወርኩ። እዚያም ኃላፊው መጀመሪያ የጠየቁኝ ስንት ፐርሰንት እንደምሠራ ነው። ንዴቴን አሁንም እጽፋለሁ፤ ምልክቱን ግን አላስቀድምበትም።