ሠላሳ ዘጠኙ ሰዎች ምን አሉ?

«ቆይ አባዬ፣ ገና አልጀመርንም! ቀይዋ መብራት ስትበራ ነው የምትናገረው።»

«እኔ መቼ ተናገርኩ? ጉሮሮዬን ነው የጠረግኩት።»

ልጅቷ ስልኳን መጻሕፍት ላይ አስደግፋ አቆመችና ሰዓቷን አየች። ስምንት ሰዓት ከሩብ። ልቧ ከጠዋት ጀምሮ አደብ አጥቷል። አሥር ሰዓት ላይ የትምህርት ክፍሉ ቢሮ ሳይዘጋ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷን ማስረከብ አለባት፤ ካላስረከበች ምረቃው ለከርሞ ነው። ጥናቱ አልቋል ማለት ይቻላል። የጎደለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

የሰው ልጅ ክፉና ደጉን የሚለይበት መንገድ ከልጅነት እስከ እርጅና እንዴት እንደሚለወጥ ነው የምታጠናው። አንዲት አጭር ታሪክ ጽፋ ለሠላሳ ዘጠኝ ሰዎች አንብባለች፤ ትንሿ የስድስት ዓመት ልጅ፣ ትልቁ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ናቸው። «ምን ማድረግ ነበረበት? ለምን?» ትላቸዋለች። ደረጃ የሚሰጠው «ለምን» ለሚለው ነው። ትንንሾቹ ቅጣት ይፈራሉ፤ ከፍ ያሉት ሰው ምን ይለኛል ይላሉ፤ ጎልማሶቹ ሕግ ይጠቅሳሉ፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ከሕግም አልፈው ኅሊና ይላሉ። ትናንት ውጤቱን ኮምፒውተሯ ላይ ስታስገባ መስመሩ ልክ መጻሕፍቱ እንደሚሉት ደረጃ በደረጃ ሽቅብ ሲወጣ አይታ ብቻዋን ጨፍራለች። ከሰባ ዓመት በላይ ያሉት ጋ ሲደርስ ብቻ መስመሩ ይወላገዳል። ለዚህ ነው አርባኛው ሰው በዕድሜ የገፋ መሆን የነበረበት።

አርባኛው ሰው ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዛሬ ጠዋት ደውለው «ጥርሴን ልነቀል እየሄድኩ ነው፤ ስለ ሥነ ምግባር ሌላ ቀን እናወራለን» አሏት። አማካሪዋ ደግሞ ከቃሏ ፍንክች የማትል ሴት ናት፤ «ሠላሳ ዘጠኝ አርባ አይደለም» ብላታለች። ዘመድ አይጠየቅም የሚል መመሪያም አለ። ግን ማን ያውቃል? የድምፅ ቅጂው ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም። አባቷ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ፣ ኋላም ዳይሬክተር የነበሩ ሰው ናቸው። ቤት ውስጥ ናቸው። የሚነቀል ጥርስም አልተረፋቸውም።

«ዝግጁ ነህ?»

«ከተወለድኩ ጀምሮ።»

አነበበችላቸው። «አንድ መምህር የማጠቃለያ ፈተና ይቆጣጠራል። የእህቱ ልጅ ከእጅጌው ብጣሽ ወረቀት አውጥቶ ሲገለብጥ ያየዋል። ከእሱ በቀር ያየ የለም። ከተናገረ ልጁ ሁለት ዓመት ከፈተና ይታገዳል። ዝም ካለ ማንም አያውቅም። መምህሩ ምን ማድረግ ነበረበት?»

አባትየው መነጽራቸውን አወለቁና ጨመቅ አድርገው ያዙት።

«ይሄን ታሪክ ከየት አመጣሽው?»

«እኔው ነኝ የፈጠርኩት። መልሱን ብቻ ንገረኝ አባዬ፣ ሰዓት እየሄደ ነው።»

«ፈጠርሽው?» አሉ። «የእህቱ ልጅ አይደለም፤ የገዛ ልጁ ነው። ወረቀቱም ካልሲው ውስጥ ነበር። ፈተናው ፊዚክስ ነው።»

ክው አለች። ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ወንድሟ አንድ ቀን ልብሱን በከረጢት ሰብስቦ ከቤት መውጣቱን ታስታውሳለች፤ ምክንያቱን ግን የነገራት የለም። ዛሬ ከከተማው ማዶ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። እሑድ እሑድ ይደውልላታል፤ ስለ አባቱ ጠይቆ አያውቅም፣ እሷም አታነሳም። ያኔ በር ሥር ቆማ የሰማችውን ጠብ ጭንቅላቷ ደብቆ ኖሮ፣ የጥናት ታሪክ ስትፈልግ እንኪ ብሎ አቀብሏት ኖሯል።

«ለስንት ሰው አነበብሽው?» አሉ አባቷ።

«ለሠላሳ ዘጠኝ።»

«ሠላሳ ዘጠኝ!» ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ሊቆጧት መስሏት አንገቷን ሰበረች። ቀና ስትል ግን ፊታቸው ላይ ያየችው ቁጣ አይደለም፤ ውጤት ሊለጠፍ ነው የተባለ ተማሪ መስለዋል። «እና ምን አሉ?»

«አባዬ፣ የሰው መልስ አይነገርም። መጀመሪያ ያንተን...»

«አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ሰው ልጠይቅ እየፈለግኩ አፌ እምቢ ብሎኛል። አንቺ ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ጠይቀሽልኛል። ምን አሉ?»

መመሪያው አንዴ ተጥሷልና ሌላ ቢጨመር ምን ይደንቃል? ደግሞ እሷንም ጉጉት አቃጠላት፤ የአባቷን መልስ መስማት ብቻ ሳይሆን የሌሎቹን ሲሰሙ ማየት ፈለገች። ኮምፒውተሯን ከፍታ ጎናቸው ተቀመጠች።

«ቁጥር አራት፣ ስምንት ዓመቱ። ‹ይናገር፤ አለዚያ ዳይሬክተሩ ይቆጣዋል።›»

«ዳይሬክተሩ እኮ እኔው ነበርኩ!» ብለው ከት ብለው ሳቁ።

«ቁጥር አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት ዓመቷ። ‹የገዛ ሥጋውን አሳልፎ የሚሰጥ ሰው፣ ሰው አይደለም።›»

ሳቁ ቆመ። «ቀጥዪ።»

«የባንክ ሠራተኛ፣ አርባ ሁለት። ‹ለዘመዱ የሚያዳላ ከሆነ የሌላው ሰው ልጅ ምን በወጣው?›»

«ይኸው!» ጉልበታቸውን በጥፊ መቱት። «ይኸው! እኔስ ምን አልኩ? ይሄንኑ አይደል!»

«ነርስ፣ ሃምሳ አንድ። ‹ወረቀቱን ይቀማው፣ ዜሮ ይስጠው፣ ነገሩን እዚያው ይቅበረው።›»

«እሱን...» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሱን አላሰብኩትም።»

አንዱን ሲያሞግሱ፣ አንዱን ሲሟገቱ፣ ቁጥር ሃያ ስድስትን «ይሄ ደግሞ ምን ቀባጣሪ ነው!» ሲሉ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እሷ ሰዓቱንም ምረቃውንም ረስታ እጇን እያወራጨች ትተረጉምላቸዋለች።

«በድምሩ?»

«ይናገር ያሉ አሥራ ዘጠኝ። ዝም ይበል ያሉ አሥራ ዘጠኝ።»

ጣታቸውን ቀሰሩ። «ሠላሳ ስምንት መጣ። አንዱስ?»

መምህር ሆኖ የማይደምር የለም። «አንዷ አልመለሰችም። የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ መልስ በመስጠት ፈንታ እኔን ጠየቀችኝ። ደረጃ ስለሌለው ዜሮ ሰጠኋት።»

«ምን ብላ ጠየቀችሽ?»

ቅጂውን ፈልጋ ከፈተችው። ቀጭን የልጅ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «ከዚያ አብረው ወደ ቤት ሄዱ?» ተከትሎ የራሷ ድምፅ፣ ችኩል ያለ፣ «እሱ ታሪኩ ውስጥ የለም የኔ ማር፤ ጥያቄውን መልሺ።»

አባትየው መልሰው ተቀመጡ።

«አልሄድንም» አሉ። «እኔ የፈተና ወረቀት ሳሽግ ነበር። እሱ ግቢውን ብቻውን ሲያቋርጥ በመስኮት አየሁት። ብጠራው ይሰማኝ ነበር። ሕጉ ተናገር አለኝ እንጂ አትከተለው መቼ አለኝ?»

አለቀሰች። እያለቀሰች ግን አንድ ነገር ብልጭ አለላት፤ የአዛውንቶቹን መልሶች ከፈተች። የሰባ አራት ዓመቷ ሴትዮ «ይናገር፤ እሱ ቀላል ነው፤ ማታ ምን ተባባሉ?» ብለዋታል። የሰማንያው ሽማግሌ «ዝም ይበል፤ ልጁ ግን ኋላ ምን ሆነ?» ብለዋታል። እሷ «ከርዕስ ወጥተዋል» ብላ ዝቅ አድርጋ አርማቸዋለች። ሰዎቹ ደረጃውን አልወረዱም! እሷ ያልጠየቀችውን ነው የመለሱት! ደስታው ከወንበሯ አስነሣት። አሁን ተቀምጣ የአባቷን መልስ ብትጽፍ፣ ይህንኑ በአንድ አንቀጽ ብታክልበት፣ ታክሲ ይዛ ብትበር ትደርሳለች።

ስትዞር አባቷ ጫማቸውን እያሰሩ ነው።

«ወንድምሽ ዛሬ ሥራ ገብቷል?»

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጋራዥ ነው። ግን አባዬ፣ ነገ እወስድሃለሁ፤ ነገ በጠዋት፣ ቃሌ ነው። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ...»

«ነገ ጥሩ ምክንያት አላጣም» አሉ። «ምክንያት ማግኘት እችልበታለሁ። አንቺ ሥራሽን ጨርሺ፤ እኔ ሰው እየጠየቅኩ እደርሳለሁ።» ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ።

ኮምፒውተሩ ላይ አርባኛው መስመር ባዶውን ይጠብቃታል። ከጎኑ ሰዓቱ ዘጠኝ ከሃያ ይላል። አንዴ በሩን፣ አንዴ መስመሩን አየች። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ለአማካሪዋ ጻፈች። «ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው። አርባኛው አባቴ ስለሆነ አይቆጠርም። የአዛውንቶቹንም መልስ በስሕተት አርሜዋለሁ፤ ሁሉንም እንደገና ማዳመጥ አለብኝ። ለከርሞ አስረክባለሁ።»

ሳታነበው ላከችው። ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች። አባቷ የመንገዱን ጠርዝ ይዘው ይገሠግሣሉ፣ ወደተሳሳተው አቅጣጫ።

«አባዬ!» አለች እየሮጠች። «በዚያ አይደለም፤ በዚህ ነው!»