የሰጋቱራው ግድግዳ

«ፌበን ምን አደረገችሽ?»

ነአምን እናቱን ይህን የጠየቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ልጅቷ ከቆርቆሮው ማዶ፣ ወርክሾፑ ውስጥ እንጨት እየለካች ነበርና ትሰማ ይሆናል። ታደለች መጥረጊያዋን በብብቷ ሸጉጣ በሩ ላይ ቆመች፤ መልስም ፈለገች። ልጅቷ አልሰደበቻትም። ሰላምታ አጓድላ አታውቅም። ጠዋት ስትመጣ እንኳ የጫማዋን ጭቃ በር ላይ አራግፋ ነው የምትገባው። አንድ የምትወቀስበት ነገር ቢገኝ ለታደለች እፎይታ በሆናት።

«ምንም» አለች በመጨረሻ።

«ታዲያ መጥረጊያውን ለምን ሁልጊዜ ወደ ቤት ትወስጂዋለሽ? ቦታ ሠርታለት የለ እንዴ?»

ሠርታለታለች። ነገሩም ይኸው ነበር። ፌበን አንድ ሰፊ ጣውላ ግድግዳው ላይ መትታ፣ እያንዳንዱን መሣሪያ እላዩ ላይ አስደግፋ ዙሪያውን በእርሳስ ሥላለች። መጋዙም መዶሻውም መሮዎቹም የየራሳቸው ጥላ አላቸው። በሩ አጠገብ፣ ዝቅ ብሎ፣ ታደለች ሳትንጠራራ በምትደርስበት ቁመት፣ የመጥረጊያ ሥዕል አለ። ታደለች ግን አንድም ቀን ሰቅላበት አታውቅም።

ድሮ መሣሪያው ሁሉ በአንድ ሣጥን ውስጥ ተደበላልቆ ነበር የሚቀመጠው። ነአምን «እማዬ፣ ትንሹ መሮ የት ነው?» ብሎ ሲጣራ፣ እሷ ጓዳ ሆና ከቀለም ቆርቆሮው ሥር እንደሆነ ትነግረው ነበር። አሁን ማንም አይጣራም። ከጣውላው መካከል ደግሞ የሟቹ ባሏ የታዴዎስ መላጊያ ተሰቅሏል። እሱ ካረፈ ጀምሮ በሻሽ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ ያኖረችው ነው። ነአምን «ካልተሠራበት ይዝጋል» ብሎ ወሰደና ለፌበን ሰጣት። ልጅቷ እንጨቱ ላይ ስትገፋው የሚወጣው ድምፅ ራሱ የታዴዎስ ድምፅ ነበር፤ ታደለች በሰማችው ቁጥር ቀና ትልና መልሳ ታቀረቅራለች።

ቤታቸው ከየካ ሚካኤል በላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረብታው በሚጀምርበት ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው። ወርክሾፑ በባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ የተመታ ቆርቆሮ ስለሆነ ንፋሱ በየሚስማሩ ቀዳዳ ያፏጫል። ባለፈው ክረምት ኮላው አልደርቅ አለ፤ የአንድ ቁም ሣጥን በር ደግሞ እርጥበት ጠጥቶ አብጦ አልዘጋ ስላለ ደንበኛው መልሶ አመጣው። ስለዚህ ነአምን ዘንድሮ ዝናቡ ሳይገባ ወርክሾፑ ከውስጥ ካልለበሰ ሥራው ወደ ሌላ ቦታ መሄድ እንዳለበት ተናገረ።

ታደለች ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዘችው «ሌላ ቦታ» የሚለውን ነው። ሌላ ቦታ ማለት ለእሷ ሲ.ኤም.ሲ ማለት ነበር። ፌበን የምትኖረው እዚያ፣ አጎቷ ጋሮማ ቤት ነው። መጀመሪያ መላጊያው፣ ቀጥሎ ወርክሾፑ፣ ከዚያ ልጇ። ነአምን በቴክኒክና ሙያ አብራው የተማረች የሥራ ጓደኛው እንደሆነች ደጋግሞ ነግሯታል። ታደለች ግን ሲሳሳቁ ትሰማለች። ከእሷ ጋር እንደዚያ ከሳቀ ቆይቷል።

ጎረቤታቸው አቶ ኤጀታም አላገዟትም። በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው የሚገባውን ፎምና ኮምፔንሳቶ ሲያዩ ሰነበቱ።

«ታደለች፣ ምራትሽ ገና ሳታገባ ቤት ማደስ ጀመረች።»

«የሥራ ጓደኛው ናት» አለች ታደለች፣ ራሷ ያላመነችውን።

«ይሁና። እኛ ዕድሜ ልካችንን ባዶ ቆርቆሮ ሥር ስናድር፣ እናንተ ለእንጨት ኮርኒስ ሠራችሁለት።»

ታደለች የበኩሏን ለመርዳት ሞክራ ነበር። ከወርክሾፑ የጠረገችውን ሰጋቱራ ለምድጃ ብላ በማዳበሪያ ጆንያ አከማችታለች። ማታ በሰጋቱራ ውስጥ የታፈነ ፍም እስከ ጠዋት እንደሚቆይ ታውቃለች። እሳት ያቆየ ነገር ሙቀት እንዴት አያቆይም? ጆንያውን ጎትታ አምጥታ ግድግዳው ውስጥ እንዲሞሉት ነገረቻቸው። ፌበን በእርጋታ፣ «እትዬ፣ ሰጋቱራ ውኃ ይጠጣል። ቆርቆሮው ከውስጥ ሲያልበው ይበሰብሳል» አለቻት። መጀመሪያ ላስቲክ፣ ከዚያ ቀጭን የሞራሌ እንጨት፣ በመሐሉ የፍሪጅ ማሸጊያ ፎም፣ ከላይ ኮምፔንሳቶ መሆን እንዳለበትም አስረዳቻት። ነአምን የተናገረው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «ልክ ናት።»

ጆንያው በሩ አጠገብ ቀረ።

አርብ ማታ ፎሙ አለቀ። ከኮረብታው በኩል ያለው ግድግዳ የታችኛው ክፍል ብቻ ሳይለብስ ቀረ። ቅዳሜ ነአምን ዕቃ ሊያደርስ ወጣ፤ ፌበን ደግሞ ፎም ፍለጋ መገናኛ ሄደች። የተቆረጠው ኮምፔንሳቶ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር። ታደለች ጆንያዋን ፈታች። ሰጋቱራውን በእጇ እየጠቀጠቀች ክፍተቱን ሞላችና በባሏ መዶሻ ኮምፔንሳቶውን መታችው። ሚስማር ሲመታ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታይ ኖራለች፤ አንድም አልጎበጠባትም። ስትጨርስ ወገቧን ይዛ ራቅ ብላ አየችው። ከሌላው ግድግዳ አይለይም።

ነአምን ሲመለስ አየና በጣቱ አንኳኳው።

«ፌበን ጨረሰችው እንዴ? ይቺ ልጅ እጇ ልዩ ነው። ስሚው፣ እንዴት እንደደነደነ።»

«አዎ» አለች ታደለች። የራሷ ሥራ በልጅቷ ስም ሲመሰገን ሰማችና ያን ሌሊት እየተገላበጠች አደረች። ሰኞ ስትመጣ ፌበንም ግድግዳውን አየችና ነአምን የጨረሰው መሰላት፤ ያመጣችውን ፎም ጥግ አስቀመጠችው። ሁለቱም አልተጠያየቁም። ታደለችም አልተናገረችም።

ከዚያ ዝናቡ ገባ።

በሳምንቱ አንድ ጠዋት ነአምን ሲጣራ ታደለች ከጓዳ ወጣች። ከኮረብታው በኩል ያለው ኮምፔንሳቶ እንደ ሆድ ተነፍቶ ነበር። ከሥሩ ቡናማ ውኃ ወጥቶ፣ ለርክክብ የደረሰ የቁም ሣጥን ጎን አበስብሷል። ነአምን ፊቱ ተለዋውጧል።

«ላስቲክ አላደረግሽበትም?» አላት ፌበንን።

ፌበን ቁጢጥ ብላ የኮምፔንሳቶውን ጫፍ በመሮ ፈልቅቃ ሳበችው። የረጠበ ሰጋቱራ እንደ አተላ ጫማዋ ላይ ፈሰሰ። ከመሬት ቆንጥራ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ታደለችን አየቻትና ሰጋቱራውን በመዳፏ ጨበጠችው።

«አስተካክለዋለሁ» አለች።

«መቼ ነው የምታስተካክይው? እኔ ሰኞ ሐዋሳ ነኝ፤ ብቻሽን ልትሸከሚው ነው?»

ኮርኒሱ ከገባ ወዲህ የዝናቡ ድምፅ እንኳ ከሩቅ ነበር የሚሰማው። ስለዚህ የተባለው ነገር አልተሰማም ለማለት አልተቻለም።

«ሰኞ የት ነህ?» አለች ታደለች።

ነአምን የረጠበውን እንጨት በእጁ መጥረግ ጀመረ። እየጠረገ ነገራት። ሐዋሳ ለአንድ አዲስ ሎጅ አልጋና ወንበር የሚሠራ ድርጅት ቀጥሮታል፤ ደመወዝና ማደሪያ አለው። እሺ ካለ ወር አልፎታል። እሷ ካወቀች እንቅልፍ አጥታ እንደምትታመም ስለፈራ ግድግዳው ሲያልቅ ሊነግራት ነበር ያሰበው። ወርክሾፑንም የሚያስተካክለው ፌበን እዚህ እንድትሠራ፣ ለቦታውም ለእናቱ እየከፈለች ግቢው ውስጥ ሰው እንዳይጠፋ ብሎ ነው።

«ንገራት ብዬው ነበር» አለች ፌበን ከመሬት ሳትነሣ። «ስንቴ።»

«ሲ.ኤም.ሲስ?» አለች ታደለች።

«ሲ.ኤም.ሲ ምን አለ እትዬ? አጎቴ ቤት አንድ ሚስማር ብመታ ጎረቤቱ ፖሊስ ነው የሚጠራው።»

ታደለች የተጋደመው ቁም ሣጥን ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አንዱን በር ስትጠብቅ ልጇ በሌላው ወጥቷል። ያም ሆኖ ቅናቱ አልለቀቃትም፤ እንዲያውም ልጅቷ ነገሩን ከእሷ በፊት ወር ሙሉ ማወቋ አዲስ ቁስል ሆነባት። ዝም ብትል ደግሞ ነገሩ ሁሉ በፌበን ላይ ይቀራል። ነአምን እጇን ሳያምን ይሄዳል። ልጅቷም ሰው በማያምናት ግቢ ምን ብላ ትቆያለች? መላጊያው ወደ ሻሹ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ያለ ምንም ድካም፣ አፍን በመዝጋት ብቻ የሚሆን ነበር።

ፌበን መዳፏን እንደጨበጠች ነበር። ሰጋቱራው በጣቶቿ መሐል ይንጠባጠባል።

«እኔ ነኝ የጠቀጠቅኩት» አለች ታደለች።

ነአምን ዞረ። «መቼ?»

«ቅዳሜ። እጇ ልዩ ነው ያልከኝ ቀን።»

ፌበን ሳቋን ልትውጥ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ነአምን አንዴ እናቱን አንዴ ግድግዳውን አየና፣ «ሚስማሩንም አንቺ ነሽ የመታሽው?» አለ። ታደለች ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ነአምን አጠገቧ ተቀመጠ።

ያን ቀን ሦስት ሆነው ግድግዳውን አፈረሱት። ታደለች ላስቲኩን ስትይዝ፣ ፌበን እንዴት እንደሚደራረብ አሳየቻት። ጥግ የተቀመጠው ፎም ልኩ ሆነ።

ሰኞ ጠዋት ታደለች ልጇን እስከ አስፋልቱ ሸኘችው። ሹራቡን መኪናው ውስጥ እንዳያወልቅ፣ ሲደርስ እንዲደውል፣ የሐዋሳን ውኃ ሳያፈላ እንዳይጠጣ ነገረችው፤ መኪናው ከተነሣም በኋላ የረሳችው ነገር ትዝ አላት። ስትመለስ የወርክሾፑ በር ክፍት ነበር። የመላጊያው ድምፅ ይሰማል። ቀና አለች፤ ይህን ጊዜ አላቀረቀረችም።

መጥረጊያዋን ከጓዳ አምጥታ ፍቅፋቂውን ጠረገች። በሥራው መካከል፣ ሳታያት፣ «መላጊያውን ስትጨርሺ ቅባት ቀቢው፤ ታዴዎስ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው» አለቻት። ፌበን እሺ አለች። ታደለች ጠርጋ ስትጨርስ መጥረጊያውን ይዛ በሩ ላይ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ሥዕሉ ላይ ሰቀለችው፤ ትንሽ ዘመም አለ፤ አላቃናችውም።

ነአምን ሄደ። ፌበን ቀረች።